ቃል ሳላጎድል የተረጎምኩለት ሰው

የእህቴን ባል አልወደውም። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ ከዚህ በኋላ ስለ እሱ የምለውን የሚሰማ ሰው ሚዛኑን ራሱ ያስተካክል። በስሙ የሚጠራው የለም። አገር ቤት አብረውት የሠሩ ሰዎች «ፒንሳ» አሉት፣ ቅጽል ስሙም ባሕር ተሻግሮ እዚህ ድረስ ተከተለው። ሃያ ስድስት ዓመት በመብራት መሥሪያ ቤት ቆረጣ ክፍል ሠርቷል። የቆረጣ ክፍል ሰዎች መሰላል ተሸክመው፣ ፒንሳ ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው፣ ደንብ ተጣሰበት የተባለ ቤት እየሄዱ ሽቦ የሚበጥሱ ናቸው። የሚለምናቸው እንጂ የሚመርቃቸው አያገኙም። ፒንሳ ግን ሥራውን ይወደው ነበር፤ ዛሬም ስለ እሱ ሲያወራ ፊቱ ይፈካል።

አጭርና ደንዳና ነው። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚያየው። የላላ ሶኬት ካገኘ ሳይፈታው አይቀመጥም። አንድ ጊዜ ልቅሶ ቤት ሄደን፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ እሱ ወንበር ላይ ቆሞ የሳሎኑን አምፖል ያጠብቅ ነበር። እህቴ በኀፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች። እሱ ወርዶ እጁን አራገፈና «ይብለጨለጭ ነበር እኮ» ብሎ ተቀመጠ።

ከቤታችን ጋር የተዋወቀውም በዚያው ሥራው ነው። አባታችን ከእኛ ቆጣሪ ሽቦ ስቦ፣ ባሏ ለሞተባት ጎረቤታችን አንድ አምፖል አብርቶላት ነበር። ክልክል ነው። ፒንሳ ደረሰበት። አባቴ ለመነው፣ እናቴ ለመነችው፣ ጎረቤታችን ራሷ መጥታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ቃጣት። እሱ መሰላሉን ምሰሶው ላይ ደገፈና ወጥቶ ቆረጠ። አሥራ አንድ ቀን በጨለማ ከረምን። እኔ ያኔ የመጨረሻውን ፈተና ለመውሰድ የምዘጋጅ ተማሪ ነበርኩ፤ በሻማ አጥንቼ ወደቅኩ። እውነቱን ለመናገር በመብራት ባጠናም እወድቅ ነበር፣ ሂሳብ ጠላቴ ነው። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ፒንሳ ነው የጣለኝ» እያልኩ ኖሬያለሁ፤ አሁን ቃሌን ብቀይር ማን ያምነኛል? በአሥራ ሁለተኛው ቀን መብራቱን ሊቀጥል ሲመጣ በር የከፈተችለት እህቴ ናት። አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጠችው። በዓመቱ አገባችው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እናቴ የወደደችው ነገር ነው። «ሰውየው ደንቡን ነው የሠራው» ትላለች። «ዘመድ አይል፣ ባዕድ አይል። እንዲህ ያለ ሰው ሚስቱንም አያታልል።» እኔና እሱ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዓይንና ናጫ ነን። ልብስ ሰፊ ስሆን «መርፌ» ብሎ ሰየመኝ። የምወጋው እኔ ነኝ አሉ።

እዚህ አገር መጀመሪያ የመጣችው እህቴ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ የአንሶላ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች። ቀጥላ እሱን አስመጣች፣ አባታችን ሲሞት ደግሞ እናቴንና እኔን። አራታችን አሳንሰር በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ኖርን። ፒንሳ ዕቃ ማከማቻ ገብቶ ካርቶን ያሽጋል። እኔ እዚያው ቤት የሱሪ ጫፍ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፤ ደንበኞቼ የአገሩ ሰዎች ስለሆኑ ቋንቋው ከእሱ ይልቅ እኔን ለመደኝ። እናቴ ከዚያ ቋንቋ የምታውቀው «አመሰግናለሁ»ን ብቻ ነው። ለእሷ ይበቃት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እኔ የስፌት መኪናዬን ሳንቀሳቅስ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ታወራለች። የሰፈራችንን ሰው ሁሉ፣ የሞተውንም ያለውንም፣ አንድ በአንድ ታነሣዋለች። ወሬዋ አያልቅም። አንዳንዴ «እማዬ፣ ስፌቱ ጠመመብኝ» ብዬ እቆጣት ነበር።

ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲጀምር እናቴ ደረጃው ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከዚያ ቤታችን አቅራቢያ ወዳለ ማገገሚያ አስገቧት። ማገገሚያው ሰው የሚያቆየው ለጥቂት ሳምንት ነው። ጉዳይዋን የያዘችው ነርስ ጠርታ አስቀመጠችንና ቁርጡን ነገረችን። ወደ አራተኛ ፎቅ አትመለስም። ምድር ላይ ያለ ክፍል ያስፈልጋታል፤ ክፍሉ የሚሞቅ፣ ሙቅ ውኃ ያለው፣ በኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ የሚገባበት። ቀን ቀንም አንድ አዋቂ ሰው አብሯት መዋል አለበት። ይህ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሟላ፣ ክፍት ቦታ ያለው የአረጋውያን ቤት በባቡር አራት ሰዓት የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው።

«እዚያ የእኛን ቋንቋ የሚናገር ሰው አለ?» አልኳት።

ነርሷ ዝርዝሯን አየችና «የለም» አለች።

እህቴና ባሏ ቤት ለመግዛት ዓመታት ሲያጠራቅሙ ነበር፤ ተጣድፈው ያን ጊዜ ገዙ። ተያይዘው ከተሠሩ ቤቶች የመጨረሻው ነው፤ ከታች አንድ ሰፊ ክፍል አለው፤ መስኮቱ መንገዱን ያያል። ነርሷ መጥታ ለካችው፣ ወደደችው። ቀን የሚውለው አዋቂ ሰው በሚለው መስመር ላይ የእኔን ስም ጻፈች። የቀረው ውኃው፣ ጋዙና መብራቱ በስማችን ዞሮ አልጋው መግባቱ ብቻ ነበር።

ቤቱን የሸጠችልን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ሥርዓት ያላት፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ወረቀት አስራ ስሙን የጻፈችበት። ቁልፍ የምንረከብ ዕለት መደረግ ያለበት ነገር ቀላል ነው። ሻጭና ገዢ ቆጣሪው ፊት አብረው ይቆማሉ፤ ቁጥሩን አይተው ወረቀት ላይ ይሞላሉ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ከዚያ ቴክኒሻን መጥቶ ያረጋግጥና ስሙን ያዞራል። የውኃው ሦስት ደቂቃ ፈጀ። የጋዙም እንዲሁ። የመብራቱ ጋ ስንደርስ ፒንሳ ቆመ።

የመብራቱ ቆጣሪ ደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ክዳኑ ጥግ ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረች፣ ከጥፍር የማትበልጥ እሽግ አለች። ማንም እንዳልነካው ለመሥሪያ ቤቱ የምትመሰክር እሷ ናት።

«ቁጥሩን ጻፍና እንሂድ» አለችው እህቴ።

«ክዳኑ ሳይከፈት በመስተዋት የተነበበ ቁጥር ምኑ ቁጥር ነው?» አለ። «ውስጡን ማን አየው? ሽቦው ተቃጥሎ ቢሆንስ? እማማን የማስተኛበት ቤት ነው እኮ።»

«አንተ ሰው፣ ይህ ያንተ መሥሪያ ቤት አይደለም።»

«ኤሌክትሪክ የትም አገር ያው ነው» አለና ከኮቱ ኪስ ፒንሳውን አወጣ። እህቴ እጁን ሳትይዘው እሽጓ ተቆርጣ ወለሉ ላይ ወደቀች።

አስተማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «ምን እያደረገ ነው?»

«እያየው ነው» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ክዳኑን ነቀለ፣ አሸተተ፣ በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ሁለት ብሎን አጠበቀ፣ «ንጹሕ ነው» ብሎ ፈረደ። ከዚያ ከሌላኛው ኪሱ ትንሽ የቆርቆሮ ሙዳይ አወጣ። ለካ አገር ቤት ሥራ ሲለቅ ጥቂት የመሥሪያ ቤቱን እሽጎችና መጭመቂያዋን ለማስታወሻ ይዞ ኖሯል። ቆጣሪውን በራሱ እሽግ አሸገው፤ የእኛ አገር መሥሪያ ቤት ሁለት ፊደሎች ፍጥጥ ብለው ታዩ። «ከዚህ በኋላ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። አስተማሪዋ ቶሎ ብላ ፈርማ፣ ያቀረብንላትን ሻይ ሳትቀምስ ወጣች።

ሰኞ ቴክኒሻኑ መጣ። ቁመተ ሎጋ ነው፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ለመግባት እጥፍ ማለት ነበረበት። በእጅ ባትሪው አየ፣ ፎቶ አነሣ፣ እንደገና ጠጋ ብሎ አየ። «ይህ ምን ፊደል ነው?» ሲል ፒንሳ በኩራት «ንገሪው» አለኝ። ነገርኩት። ሰውየው ከመኪናው ቀይ ማሸጊያ አምጥቶ ዋናውን ማብሪያ አውርዶ ጠቀለለው፤ ወረቀት እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ማሞቂያው በጋዝ ይሠራል ቢባልም የሚለኩሰው መብራት ነው። ቤቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በረዶ ሆነ፣ ቧንቧውም የሚሰጠው ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ሆነ።

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

ስልክ ደወልን። መጀመሪያ ሙዚቃ፣ ከዚያ «አሥራ ዘጠነኛ ነዎት»፣ ከዚያ ሙዚቃ። ፒንሳ ሙዚቃውን በእኛ ቋንቋ ሰደበው። አምስተኛ ስንደርስ መስመሩ ተቋረጠ። በማግሥቱ እህቴ ፈቃድ ስላላገኘች መሥሪያ ቤቱ ድረስ የሄድነው እኔና እሱ ነን፤ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ። ከረባት አሥሯል። የአገር ቤት የሥራ መታወቂያውን በደረት ኪሱ ይዟል።

ወረፋ ላይ ቆመን «መርፌ፣ ዛሬ ደግሞ እየቀጠልሽ እንዳትሰፊው» አለኝ። «ያልኩትን ያልኩትን ብቻ በይ።»

«ቃል አላጎድልም» አልኩት።

«ፈተና ወድቀሽ መርፌ የያዝሽ ልጅ ስለሆንሽ ነው የማሳስብሽ።»

ደሜ ፈላ። ከኋላችን የቆመው ሰው የሚሰማው ቋንቋ ባይሆንም የሰማብኝ መሰለኝ። ተራችን ደርሶ ወደ መስኮቱ ተራመድኩ።

ከመስተዋቱ ጀርባ ያለችው ሴት አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀና ብላ አላየችንም። ፎቶግራፉን ከፊቷ ዘርግታ «ይህን እሽግ የቆረጠው ማን ነው?» አለች።

ተረጎምኩለት። «እኔ» አለ።

«የተተካውስ ከየት መጣ?»

መታወቂያውን አውጥቶ መስተዋቱ ላይ ለጠፈው። «በያት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የዚህ ሥራ ሰው ነኝ። እሷ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እኔ ምሰሶ ላይ ነበርኩ በያት።»

አልኳት። ቃል አላጎደልኩም። ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ «ይስሙኝ። ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። እሽጉ እንደማይነካ አላውቅም ነበር ካሉ እዚህኛው ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ ነገ ሰው መጥቶ ያሽጋል፣ መብራቱም ይመለሳል። አውቅ ነበር ካሉ ግን ሌላ ጉዳይ ይሆናል። ይህንን ያስረዷቸውና ይጠይቁልኝ።»

ሴትየዋ በሩን ከፍታ ይዛልን ነበር፤ የቀረው መግባት ነው። ወደ ፒንሳ ዞርኩ።

«እሽግ እንደማይነካ ታውቅ ነበር ወይ ትልሃለች» አልኩት።

ያልኩት ይኸው ነው። ስለ ሳጥኖቹ አልነገርኩትም።

«እኔ ነኝ የማላውቀው?» አለ፣ አንገቱ እየቀላ። «እሷ ሳትወለድ አውቅ ነበር በያት።»

ይህንን ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ።

ለምን እንዳደረግሁት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እናቴን ልጎዳ አላሰብኩም፤ ያቺን ደቂቃ እናቴ ጭራሽ ትዝ አላለችኝም፣ ጥፋቴም እሱ ነው። የፈለግሁት ያ ሰው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመስኮት በኩል ሲገሠጽ ማየት ነበር። ሌላ ጉዳይ የተባለው ተግሣጽ መሰለኝ፤ ትንሽ ይዋረዳል፣ ከረባቱን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ነበር።

ሴትየዋ ትክ ብላ ስታየኝ ዓይኔን አሸሸሁ። ሁለተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋ አነበበችልን። ባለሙያ ሆኖ እያወቀ ስለነካ አድራሻው ስልሳ ቀን ታግዷል፤ በማንም ስም አይከፈትም፤ ጊዜው ሲያልቅ ቴክኒሻን ይላካል።

ስልሳ ቀን የሚለውን ስተረጉምለት ፒንሳ ጣቶቹን እንደሚቆጥር ሰው ገጠመና ፈታ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ፤ ሰው ፊት ቆቡን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም። «እባክሽ በያት» አለኝ። «አማቴ ናት በያት፣ አሮጊት ናት። እኔን ትቅጣኝ። እግሯ ላይ እወድቃለሁ በያት።»

ተረጎምኩ።

«አዝናለሁ፤ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው» አለች ሴትየዋ፣ ወረቀቱንም ከኋላዋ ለተቀመጠው አለቃዋ አሳልፋ ሰጠች።

ያን ሰው ሲለምን ለማየት ሠላሳ ዓመት ጠብቄያለሁ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር፤ አልጠጣም። ያኔም «የተረጎምኩት ጎድሎ ነበር» ብል ይበቃ ነበር። ሴትየዋ ገና ከወንበሯ አልተነሣችም። ከኋላችን የቆመው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ቤት ስንገባ ፒንሳ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ ለእህቴ ነገራት። እህቴ አልጮኸችም። ሰሃን ስታጥብ ነበር፤ ማጠቧን ቀጠለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልና ሚስት ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሷ ነርሷ ጋ ሄዳ አለቀሰች፤ ነርሷ አዘነች፣ ነገር ግን መብራት የሌለው ክፍል ክፍል አይደለም አለች። እኔ መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ዚፕ እቀይር ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ወሩ ባለቀ ቀን እናቴን በአምቡላንስ ወሰዷት። «ቤቱ አለቀ አላላችሁኝም ነበር?» አለች ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ።

«ስልሳ ቀን ብቻ ነው፣ እማማ» አላት ፒንሳ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አንተ አታጠፋም» አለችው። እኔን አላየችኝም፤ ባታየኝ ይሻለኛል ብዬ ከነርሷ ጀርባ ቆሜ ነበር።

ፒንሳ በየሳምንቱ እሑድ ይሄድላት ነበር። አራት ሰዓት መሄጃ፣ አራት ሰዓት መመለሻ፤ መሃል ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ቆጣሪ ያወራላታል። እኔ የሄድኩት ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ስሄድ የክፍል ጓደኞቿን አማችልኝ። አንደኛዋ ታንኮራፋለች፣ ሌላኛዋ የልጅ ልጆቿን ፎቶ እያሳየች አሰለቸቻት። የሚሉት ሳይገባት ይህን ሁሉ ወሬ ከየት እንዳመጣችው እንጃ። አንድ ወር አልፎ ስሄድ የምትመልሰው «አዎ»ና «አይ» ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ጉዞዬ ያመጣሁላትን ሹራብ ደረቷ ላይ ዘርግታ አየችውና ወደ መስኮቱ ዞረች። ሐኪሙ መረመራት። አንጎሏ ደህና ነው፣ ጆሮዋ ደህና ነው፣ ምላሷ ደህና ነው። «ለረጅም ጊዜ የሚያናግራቸው ሰው ሲያጡ አንዳንዶች ያቆማሉ» አለ፤ መልሰው መናገር የሚጀምሩም አሉ አለ። ያን ተርጉሜ ለእህቴ የነገርኳት እኔ ነኝ።

በስልሳ አንደኛው ቀን ያ ሎጋ ቴክኒሻን መጥቶ ቀዩን ማሸጊያ ቀደደ፣ አዲስ እሽግ አደረገ። መብራቱ መጣ። ማሞቂያው ቦግ ብሎ ተለኮሰ። እኛም ከአራተኛ ፎቅ ወርደን ገባን፣ አልጋውም ገባ፤ ፒንሳ ቁልፉን እየተጫነ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገው። ክፍሉ ሞቀ፣ ውኃው አቃጠለ። ሁሉ ነገር ነርሷ በጻፈችው ልክ ሆነ። እናቴ ግን በአምቡላንስ መጥታ፣ አልጋው ላይ ተኝታ፣ ሁላችንንም ተራ በተራ አይታን ዝም አለች። እህቴ እጇን ይዛ የሰፈራችንን ሰዎች ስም ጠራችላት። ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ሁለት ሳምንት ቻልኩት። ቅዳሜ ቀን እህቴ ወጥ ቤት ቆማ የእናቴን አንሶላ ስታጥፍ ሄጄ ነገርኳት። ሴትየዋ ያለችኝን፣ እኔ የተውኩትን፣ ሁለቱን ሳጥኖች፣ ሁሉንም። ስናገር ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች።

እጄን አወረድኩ። እህቴ መሳቢያውን ከፍታ አንድ ደብዳቤ አወጣች፤ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ በአርባኛው ቀን የደረሰ። ማጠቢያ ክፍል አብራት የምትሠራ ሴት አንብባላታለች። ሦስተኛው መስመር ላይ «ባለንብረቱ የነበራቸው አማራጭ በአስተርጓሚያቸው በኩል ተገልጾላቸው አልተቀበሉም» ይላል። እህቴ ወደ ቤት ስትገባ ባሏን «አማራጭ ተነግሮህ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «አልሰማሁም» አላት። ከዚያ ሁለቱም ገባቸው።

«እሱ ተይው አለኝ» አለች እህቴ። «እናቴ ናት እኮ፣ እንዴት እተወዋለሁ? ግን ራሷ ትንገረኝ ብዬ ጠበቅኩሽ። ሃያ ቀን ጠበቅኩ። ከዚያ እማዬ ስትመጣ ትነግረኛለች አልኩ። አንቺ ግን በልተሽ ትተኛለሽ።» አንሶላውን ጣለችው። «ባልሽን አልወደውም በይ፣ መብትሽ ነው። እሱ ላይ ለመወጣት ግን እናቴን አስነጠቅሽኝ። ከዚህ ቤት ውጪልኝ። ዛሬውኑ።»

እትዬ ብዬ ጀመርኩ፤ «እትዬ አትበይኝ» አለች።

ፒንሳ ከሥራ ሲገባ እኔ ሻንጣዬን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ የመኪናዬን ሽቦ እጠቀልል ነበር። ኮቱን ሳያወልቅ ሻንጣውን አየ፣ እህቴን አየ።

«ነገረችኝ» አለችው እህቴ። «ትሄዳለች።»

«ትቆይ» አለ።

«ይቅር ልትላት ነው?»

«ይቅርታን ማን አነሣ?» አለ። «የነርሷ ወረቀት ላይ ቀን የምትውለው እሷ ናት። እኔና አንቺ ሥራ ነን። እሷ ከወጣች እማማን እንደገና ይወስዷታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ይቅር አላልኩሽም፣ መርፌ።»

«ገባኝ» አልኩት። ያን ቀን እውነቱን የተናገረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ለዚያም ነው መሰለኝ እንባዬ የመጣው። እሱ ለማየት አልቆመም፤ ሻንጣዬን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከመንገዱ አወጣና ሊታጠብ ገባ።

እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። እህቴ ምግቤን ገበታው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ፊቷን ታዞራለች፤ የምትፈልገውን ወረቀት ላይ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፍልኛለች። እኔ መኪናዬን እናቴ ክፍል አስገብቼ ቀኑን ሙሉ አወራላታለሁ፤ የሰፈራችንን ሰው አንድ በአንድ አነሣለሁ፤ የማላስታውሰውን እፈጥራለሁ። ያደረግሁትንም ነገርኳት። ዓይኗን ከሚሽከረከረው ክር አልነቀለችም። ስፌቴ አሁን አይጣመምም፤ እንደዚያ ዘመን ቢጣመም በወደድኩ።

በዚያ ቤት የሚያናግረኝ ፒንሳ ብቻ ነው። ማታ ማታ ከራት በፊት መጥቶ እናቴ አልጋ ግርጌ ይቀመጥና ከሃያ ዓመት በፊት የቆረጠውን የአንድ ዳቦ ቤት መስመር ያወራል፤ ማን እንደለመነው፣ መሰላሉ እንዴት እንደተንሸራተተ፣ ሽቦው ስንት ክር እንደነበረው። ድሮ ይህን ወሬ ሲጀምር ተነሥቼ እወጣ ነበር። አሁን ጨርቄን ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ። መሃል ላይ ዝም ሲል «ከዚያስ?» እለዋለሁ፣ እሱም እንዳያቆምብኝ።